ጥርስ የሌላት በቅሎ

አፉላ ሌሊት ነው፣ የጥበቃ ሰዓት፤
ሠንጠረዥ ዘርግቼ ጫማ የማይበት።
አቪጋይ ልካው ነው፣ «አባ፣ ምረጥ» ብላ፤
ረድፉ መቶ ሃያ፣ ዓምዱ ሌላ፣ ሌላ።

ሠላሳ ሸቅል ባይ ልቤ ዘለለና፣
ያ በሬ ትዝ አለኝ፤ «ሳሩን አየህና…»

ወደ ጎን ገፋሁት፤ ፎቶው ተወልውሏል፣
የገዢ እግር የለም፤ ማን አድርጎት ያውቃል?
«ቆዳ ነው» ይለኛል፣ ሚዛኑ ግን ላባ፤
ቁጥር አርባ ሁለት ማን እግር ላይ ገባ?

አባቴ በቅሎ ሲገዛ
ኮርቻ አይቶ አያውቅም፤
አፏን ከፍቶ ጥርሷን ይቆጥራል፣
ዳገት ያስወጣታል፤
እስከዚያ ቋጠሮው አይፈታም።

ሲነጋ ለልጄ መልእክት ጻፍኩላት፤
«ሠላሳ ሸቅሏ በቅሎዋ ጥርስ የላት።»
«የምን በቅሎ?» አለች።
አሮጌው ጫማዬ
አፉን ከፍቶ ሳቀ።