ባለ ስምንት ቀንዱ

ከፋብሪካው ወጥቼ፣ ቢላዬን አስረክቤ፣
ከብሩክስ ሜዲስን ሃት ነዳሁ ባንድ ልቤ።
መቶ ኪሎ ሜትር፣ ግራ ቀኙ በረዶ፣
ነፋሱ ካስፋልቱ ጋር እንደ ወንድም ተላምዶ።

ገዛሁት። ያለ ማስተዋል።
(ማስተዋል ሚስቴ ናት። የማታ ፈረቃ ነበረች።
ብትኖር ጥያቄ ታበዛ ነበር፤
ብቻዬን የሄድኩትም ለዚሁ ነው።)

ጥቁር ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ስምንት ቀንድ አብቅሎ፣
ካርቶኑ ላይ ፍጥነቱ በወርቅ ቀለም ተስሎ።
ሦስት መቶ አርባ ዶላር፣ ግብሩን ሳይጨምር፣
የሁለት ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት፣ የወገብ የትከሻ ድምር።
ቀን ሙሉ ቀንዱን ያጣ ከብት ሲያልፍ በፊቴ፣
ማታ ቀንዳም ገዝቼ አስገባሁ ከቤቴ።

ኔታችንማ እንዲህ ነበር፦
ናኦድ ለሒሳብ አስጠኚው «አለሁ» ሲል፣
ቃሉ እስኪደርስ ሦስት ስም ይጠራል፤
ልጄ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀሪ ይባላል።
እናቱ የባንክ ደብተራችንን በስልኳ ስትከፍት
ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣
ወፍጮ ናት፤ ዱቄት የላትም።

አሮጌውን ነቀልኩት፣ ከኪራዩ ጋር የመጣውን፣
አንድ ዓይኑ ብቻ የሚርገበገበውን፣ አቧራ የጠጣውን።
አዲሱን ሰካሁ። ስም አወጣሁለት። ይለፍ ቃል ሰጠሁት።
ስምንቱንም ቀንድ ወደ ምሥራቅ አቀናሁት።
ለምን ምሥራቅ? እንጃ። ጸሎት የሚደረሰው ወደዚያ ነው።

ለካሁ፦ ዘጠኝ ሜጋ።
አጥፍቼ አብርቼ ለካሁ፦ ዘጠኝ ከምናምን።
ካርቶኑ በሺህ ይቆጥራል፤ እንግዲህ ማንን ልመን?

ሐሰት አልናገርም፣ አንድ ነገር ተሻሻለ፤
ምድር ቤት፣ ከልብስ ማድረቂያው ጀርባ፣
ድሮ ዝር የማይለው ሞገድ ሙሉ ሆኖ ገባ።
ያቺው ዘጠኝ፣ ሳትጎድል ሳትተርፍ፣ እስከዚያ ወረደች።
ቀርፋፋነታችን በየክፍሉ እኩል ተዳረሰ።

ማስተዋል ሌሊት ገባች። ጫማዋን ሳትፈታ
አየችው። ቀንዱን ቆጠረች። ዝም አለች ላፍታ።
«የሚገባውን ሳታውቅ ነው የምታከፋፍለው?»
ባጭር ገመድ ላፕቶፑን ከሞደሙ አፍ አገናኘች፣
አየር ላይ ያለውን ሁሉ ዘላ።
ለካች፦ ዘጠኝ።
እዚህ ላይ ሚስት ለባሏ የምትለው ቃል አለ፤
አላለችውም። ከማለት የባሰው እሱ ነው።

ሐሙስ የድርጅቱ ቴክኒሻን ሬናቶ መጣ።
ቀንዳሙን ዞር ብሎም አላየው፤ በጓሮ በር ወጣ።
ግድግዳው ላይ ያለችውን ግራጫ ሣጥን ከፈተ፤
ውስጧ ሁለት ገመድ የምታጋባ ትንሽ ነሐስ፣
አረንጓዴ ዝገት ለብሳ፣
ከገመዱ ልባስ ሽኮኮ ቀምሶ ትቶላት።
«ስንት ክረምት ውሃ ጠጥታለች» አለ፤
በሁለት ጣቱ አነሣት፣ እንደ ወለቀ ጥርስ።
የአንድ ዶላር ዕቃ። ለወጣት፣ ፉጨቱን ሳይጨርስ።

መቶ አርባ ገባ።
ያንን አንድ ዓይና መልሼ ሰካሁት፤
መቶ አሥር ሰጠኝ፣ ያለ ቂም።
ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት፣
አልበርታ ላይ ሥሩን ትቼ ቀንዱን ገዛሁት።

ቅዳሜ፣ ደረሰኜን ይዤ፣ ሜዲስን ሃት ሰልፍ ላይ ነኝ።
አንድ ሽማግሌ ያንኑ ካርቶን እንደ ጥጃ አቅፎ
ወደ ከፋዩ ሰልፍ ያዘግማል።
እንግሊዝኛዬን ሰበሰብኩ፦ «አባት፣ በገመድ ለክተውታል?»
የኔን ካርቶን አየ። የራሱን አየ።
«ለክቼዋለሁ። መስመሬ ደህና ነው።
ቤቴ ግን የአባቴ ድንጋይ ነው፤ ሳሎን ይሮጣል፣ መኝታ ቤት ይሞታል።»
«እንዲያ ከሆነ ይግዙት» አልኩ፤ ትንሽ አፍሬ።

ተራዬ ደረሰ። «ዕቃው ምን ሆነ?» አለች ልጅቷ።
ያለ ማስተዋል ስለተገዛ ነው ልላት፣
ቃሉ በእሷ ቋንቋ አንድ ፊት ብቻ አለው፤
«ምንም አልሆነ» አልኳት።