ችካል አስራ አንድ

በኒዳ፣ ባልቲክ ዳር፣ ሚያዝያ ሲገባ
ደብተሯን ሸጉጣ፣ መለኪያ ዘንግ አንግባ
ዳኑቴ ትወጣለች የአሸዋውን ጀርባ።

ደብተሩ የአባቷ ነው፤ ጠርዙ ተበጣጥሷል፣
በገለጡት ቁጥር ከስፌቱ አሸዋ ይፈስሳል።
ቪቴኒስ አርባ ዓመት ይህን ጋራ ለካ፤
ቃል አያባክንም፣ ቁጥር ነው የሚሰካ፦
«ችካል ሦስት፣ ዘጠኝ ሳንቲም ከፍ ብሏል።
ችካል አራት ወርዷል። ጉም።»
እሷ በተወለደች ቀን እንኳ
«ነፋስ ከሰሜን» ብቻ።

ጎብኚ ጋራ ይለዋል፤ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።
እነሱ ያውቁታል፣ ጋራው ይራመዳል፤
አንዱን ዓመት ሦስት ክንድ፣ አንዱን ስንዝር ሳይሞላ፣
ከባሕር ወደ ሐይቁ፣ ጥዱን እየበላ፣
አጥር እየበላ፣ የዓሣ ማድረቂያ ዳስ፣
ሳይቸኩል፣ ሳይመለስ።

ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ በአንድ የመኸር ቀን፣
አባቷ አቆማት አስደግፎ ግንዱን፤
«ቀጥ በይ። አትሳቂ።» ብሎ በካራው ጫፍ
ጫረበት ቁመቷን፣ ከጸጉሯ አፋፍ።

ከዚያ እሷም አደገች፣ አሸዋውም አደገ፤
እሷ ጣት ስትጨምር፣ እሱ ክንድ አደረገ።
ጭረቱ ጠፋ። ቀጥሎ የችካሉ አናት።
«አስራ አንድ፣ አይታይም» ጻፈ፤
ከዚያ ባዶ መስመር፣ ለሠላሳ ዓመታት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሰርዘው፣ ቁጥሩን ያሸጋሽግ፤
እሱ በየመኸሩ ለአስራ አንድ ተወ ጥግ።
«ምን ያደርግልሃል?» አለችው አንዴ ተናዳ።
ዘንጉን ከአሸዋው ነቅሎ፣ እያራገፈ፣
«አሸዋ አይቀብርም፤ ያልፋል» አላት።
በሦስተኛው ክረምት አባቷ አለፈ።

ባለፈው መኸር፣ ከጋራው ወዲያ፣ በባሕሩ በኩል፣
ግራጫ ነገር አየች፣ የአውራ ጣት ታህል።
ዛሬ ሙሉውን ቆሟል። ነፋስ ልጦታል፣
ጨው አንጥቶታል፤
በዝገት የተበላ ቆርቆሮ፣ አንድ እና አንድ፣
ከምስማሩ ጋር እየተንኳኳ።

ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም።
ተንበረከከች።
ጭረቱ ልክ ከጸጉሯ አፋፍ ገጠመ።
ቀጥ አለች። አልሳቀችም።

ከዚያ ጉልበቷን አራግፋ፣ ሜትሩን ዘርግታ፣
በአባቷ ባዶ መስመር እርሳሷን አሹላ፦
«ችካል አስራ አንድ፣ ተገኘ።
አንድ ሜትር ከአስራ አራት፣ እስከ ጭረቱ።
ነፋስ ከምዕራብ።»
የማን ጭረት እንደሆነ አልጻፈችም።