የበሩ መቃን

ከዘጠኝ ወር ኋላ ደብዳቤው ደረሰ፤
ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘቡን ለገሰ፤
ለግድግዳ እጀታ፣ ለሰፊ የጓዳ በር፣
ኦልዌንን ይዞ እንዲያልፍ ባለጎማው ወንበር።

ሮንዳ ሸለቆ ውስጥ ዶፉ ሳያባራ
ከች አለ ግዊሊም መጋዝ ይዞ ለሥራ።
እሷ ግን መቃኑን በጣቷ ስትዳብስ
እርሳስ አለበት፣ ደብዝዞ የቀረ እርሳስ፦
ኢዋን በአራት ዓመቱ፤ ኢዋን በስምንቱ፤
ከዚያ ወዲያ የለም፣ ባዶ ነው እንጨቱ።

ይህን የሚጠይቅ መስመር ቅጹ የለው፤
ግዊሊም መቃኑን ሳይሰብር ነቀለው፤
አዲሱን ተከለ። ከጆሮው ጀርባ እርሳስ
መዘዘና “ቀና ይበሉ እስቲ” አላት፤
ከወንበሯ ሳትነሳ በአናቷ ልክ ለካት፤
“ኦልዌን፣ በሰባ ዘጠኝ” ብሎ ጻፈላት።

አሮጌውን እንጨት ከጎኑ ቢያቆሙት፣
ኢዋን በስምንቱ
በአንድ ጣት በለጣት።