ውሃ ልክ

ከተራራ አውርደው በጭነት መኪና
ያቫን ላይ ጣሏቸው፣ ጥጥ ዝሩ አሉና።
ዛፍ የለ፣ አለት የለ፣ ቢጫ አፈር ብቻ፣
ነፋስ ያራገፈው የዱቄት ስልቻ።
ነዝሪማድ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ፣
«ዱቄት ነው» አለና አየው ሲሄድ በኖ።
ሳኖባር ሳቀችና፣ «እሰይ ዱቄት ሆነ፤
ውሃ ካገኘማ ዳቦ ነው፣ ምን ባከነ?»

ጉድ ነው፣ ተሸከመ።
ቤት ጫኑበት፤ ዝም።
የጥጥ ክምር፣ የማኅበሩ ትራክተር፤ ዝም።
ስድስት ልጅ ተወለደ፣ ሁለቱ ተዳሩ፣
ሌሊቱን ሙሉ በእግር ቢደለቅ አፈሩ፣
ዝም።
ጉድጓድ ሲቆፍሩ እንኳ አፋፉ እንደ ግንብ ቆመ፣
አንድ ቅንጣት ሳይናድ ዓመት ከረመ።
ነዝሪማድ ውሃ ልኩን ግድግዳው ላይ አጋድሞ፣
አረፋዋ መሐል ላይ ስትረጋ አይቶ፣ ተገርሞ፣
«ያባቴ አገር አለት እንኳ
እንዲህ አልታመነኝም» አለ።

ኋላ ቦዩ መጣ።
ሳኖባር ከተራራ በመሐረቧ ቋጥራ ያመጣችውን ፍሬ
ከግድግዳው ጥግ ቀበረች፤ «ይኸውና» አለች «አገሬ»።
ኮኩ በቀለ። እሷም በየምሽቱ ባልዲ ተሸክማ፣
«ጠጪ የኔ እመቤት» እያለች፣ በለሆሳስ፣ ሰው እንዳይሰማ፣
የዛፏን አንጀት ስታርስ
የቤቷን አንጀት አራሰች።

በሦስተኛው ጸደይ፣ ሌሊት፣ በሩ አልከፈት አለ።
ሲነጋ ወለሉ አንድ ክንድ ወርዷል፤
ግድግዳው እጅ የሚያስገባ አፍ አውጥቷል፤
ውሃ ልኩም፣ ያ እውነተኛ፣
አረፋውን ወደ ጥግ አባሯል።

እኔ ያኔ ዱሻንቤ፣ ምድር ቤት፣ አፈር መዛኝ ነበርኩ።
ከቤቱ ሥር የተቆረጠ ጉማጅ በሰም ታሽጎ መጣልኝ።
ሰሙን ላጥኩት፤ ወርቁ ቢጫ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይበናል።
በናስ ቀለበት ከተትኩት። ክብደት ደረብኩበት፤
ደግሜ ደረብኩበት። መርፌዋ ለወጉ
ጥቂት ራሷን ነቅንቃ ቆመች።
ከዚያ ውሃውን ለቀቅኩት።
ምንም አልጨመርኩም። ይህን መዝገቡ ላይ ሁለቴ አሠመርኩበት፤
አንዲት ግራም አልጨመርኩም።
መርፌዋ ወረደች፣
        ወረደች፣
                ወረደች፤
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ፣ የአንድ ዘመን ዝምታ አለቀ።

ነፋስ ሲያስቀምጠው ለካ ጠቅጥቆ አላስቀመጠው፤
እንደ እንግዳ፣ ከወንበር ጫፍ ነው ያስቀመጠው።
ቅንጣት በቅንጣት ተደግፎ፣ ባንዲት የጨው ክር ታስሮ፣
መሐሉ ባዶ ቤት፣ ባዶ ቤት፣ ባዶ ቤት፤
ደረቅ እስከሆነ ድረስ ያ ሁሉ ባዶነት ምሰሶ ነው።

ውጤቱን ይዤለት ሄድኩ። «ልጄ፣ ምን በደልኩት?
ሠላሳ ዓመት የቻለኝን፣ ምን ድንጋይ ጨመርኩበት?»
«ድንጋይ አይደለም አባቴ፣
ውሃ ነው» አልኩት። ኮኩን አየሁ። አየ።
በግቢው ማዶ ሳኖባር ባልዲዋን እየሞላች ነበር።
ለረጅም ጊዜ አልተናገረም፤ ከዚያ እጄን ይዞ፣
«ለሷ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

አዲሱን ቦታ በጭቃ ክብ አጥረን
በጋውን ሙሉ ውሃ አቆምንበት።
ጎረቤት ሳቀ፤ «ሰው ቤቱን ሳይሠራ ያሰምጣል?»
ይሳቅ። መውደቁ ካልቀረ
ማንም ሳይተኛበት ይውደቅ።
ነዝሪማድ በየማለዳው እንጨት ላይ ባስመረው ምልክት
መሬቱ ስንት ጣት እንደወረደ ይለካል፤
ጎኑ እንደተቀመጠ በሽተኛ ጠያቂ፣
«በርታ፣ ጨርሰው» ይለዋል።

ጨረሰ። ደረቀ። ቤቱ ቆመ።
በመጨረሻው ቀን ሳኖባር አዲስ ችግኝ ይዛ መጣች፤
ወደ ግድግዳው ጥግ አመራች።
«ራቅ አድርጊው» አላት፣ ፊቱን ሳያዞር። «ከማዶ ይሻላል፤
ፀሐይ አለ።»
ቆመች። አሮጌውን ቤት አየች፣ ኮኩን፣ የሱን ጀርባ።
ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች።
ብዙ ቆየች፤
ባልዲው ውስጥ ይወዛወዝ የነበረው ውሃ
ቀስ በቀስ ረግቶ
ልክ እስኪሆን ድረስ።