ትንፋሹን መልሺ

የመጀመሪያው ቀን ማይክ አልነካንም፣
ስለ ሽቦ፣ ስለ ቁልፍ አንድ ቃል አልሰማንም።
መምህር ተኮላ በሩን ገጠመና
መጋረጃ ስቦ፣ ሰዓቱን ፈታና
«ዝም» አለን። «ይህ ክፍል ምን ይላል? አድምጡ።
አንዲት ደቂቃ ነው፤ ጽፋችሁ አምጡ።»

ምንም አይልም ብዬ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።
ቆይቶ ግን መጣ፤ አንድ ባንድ ለቀምኩ፦
አምፖሉ ጥዝ ሲል እንደ ጥንዚዛ፣
ጉሙ ከጦሳ ላይ ተነሥቶ፣ ቆርቆሮው «ቷ» እያለ ፀሐይ ሲገዛ፣
ከፒያሳ ወዲህ ዳገቱን የያዘች ባጃጅ ስታቃስት፣
ከጀርባዬ የሙኽታር ሆድ ቁርስ አጥቶ ሲሟገት።

«አያችሁ» አለ መምህር፣ «ባዶ የሚባል የለም።
የአንዱ ቤት ዝምታ ከሌላው አይገጥምም።
ይህን ሳትቀዱ ከቤት እንዳትወጡ፤
መጣፊያ ጨርቅ ነው፣ ኋላ ስትቆርጡ።»

ለሃያ አንድ ተማሪ ሁለት ማይክ ነበረ፤
ዘንጉ ከመጥረጊያ እንጨት ተፈጠረ፤
ለነፋስ መከታ ሙኽታር የበግ ለምድ አለበሰው።
ሰኞ ገበያ ላይ ከፍ አርገን ስንይዘው
«ሙክቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀን አንድ ሰው።

ፌስታል ጨምድደን እሳት አነደድን፤
ሽንብራ በወንፊት ነፍተን ዝናብ አዘነብን።
ሳቅሁ። ፊልም ማለት ለካ የውሸት ጎተራ!
ግን ዓይናችንን ጨፍነን መልሰን ስንሰማው
ሙኽታር እጁን ዘረጋ፣ እሳቱን ሊሞቀው።

ከዚያ የቤት ሥራ፦ «አንድ ሠራተኛ፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ።»
ሀረጎን ወረድኩት፣ ጥምዝምዙን ሁሉ፣
መቅረጫዬን ታቅፌ እስከ ኮምቦልቻ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ከሽመና ማሽን ጋር ሲጯጯህ ኖሮ
ጡረታው ሲደርስ ወጣ ያለ ጆሮ።
ቀስ በል ስለው «እ?» ይላል፤ እንዲያውም ይብሳል፤
የመለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል።
«ክር ሲበጠስ» አለ፣ «ዓይኔ ሳያይ በፊት ጆሮዬ ይሮጣል…

…ነበር።»

ማታ ደሴ ገብቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።
ሳሉን ቆረጥኩ።
«እ» ያለበትን፣ የወንበሩን ሲጢጥታ፣ ምራቅ ሲውጥ ጭምር፣
ትንፋሹን ከየመሃሉ፣ አንድ ሳላስቀር።
አጥቤ፣ ተኩሼ፣ እንደ አዲስ አቡጄዲ አጣጥፌ አስረከብኩ።

መምህር ተኮላ ሰማ።
ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ፤
አላመሰገነ፣ አልተቆጣ፣ አልፈረደ።
«ይሄ ሰው» አለኝ፣ «የት ጋ ነው የሚተነፍሰው?»
ቆየና፦ «ገድለሽዋል ልጄ። ትንፋሹን መልሺ ለሰውየው።»

ከጣልኩት ክምር ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ፣
አንዱን ሳል ከሌላው በጆሮ እየለየሁ።
«ይሮጣል» እና «ነበር» መሃል አራት ሰከንድ ነበረች፣
እኔ እንደ ትርፍ ክር የበጠስኳት።
ምንም የለባትም፦
የግድግዳ ሰዓት፣ የአባቴ ጉሮሮ፣
ከመስኮቱ ማዶ፣ በጣም ከሩቅ፣ የፋብሪካው እህህታ።
ከዚያ ብቻ፣ «ነበር»።
ወደ ቦታዋ መለስኳት።
የደሴ መብራት አይታመንምና ሦስት ጊዜ አስቀመጥኳት።

ቅዳሜ ስፒከር ተሸክሜ ወረድኩ።
የራሱን ቃል ከፈትኩለት፤ አልሰማም።
ፈገግ አለ፣ ለእኔ ብሎ።
ቀጥዬ የሽመናውን አዳራሽ ለቀቅኩለት፣
ዘበኛው ፈቅዶልኝ ከበሩ ላይ የቀዳሁትን።

እጁን ዘረጋና መዳፉን ከሳጥኑ ላይ ጣለ።
ዓይኑን ጨፈነ።
ቆየ፣
የቡና ቤቱ ልጅ ሁለቴ አልፎ እስኪመለስ ቆየ።

«ከግራ ሁለተኛዋ» አለኝ፣ ሳይጮህ፣
እንደ ማንኛውም ሰው፤
«ቀበቶዋ ላልቷል።
ለፎርማኑ ነግረሻል?»