የተቀረቀረው ካሴት

አባታችን ላዳ ነበረችው፣ ከጎረቤት የገዛት፣
በክረምት ጧት ለማስነሳት ግማሽ ሰዓት የሚለምናት።
ማጫወቻዋ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ
አልወጣ አለ፤ በቢላ ቢሉት፣ በወረንጦ፣ በመሮ።
አራት ዓመት ሙሉ፣ ከኬሚ እስከ ኦውሉ፣
በባሕሩ ዳር መንገድ፣ ጥድ በጥድ በሆነው ሁሉ፣
ያው አንድ ታንጎ፣ ያው አንድ አኮርዲዮን፣
ያው ስሙን የማናውቀው ሰው፣ ፍቅሩ ከድታው እንደሆን
ወይ ሞታ እንደሆን ሳይለይ እያለቀሰ፣
አንዱ ጎን ሲያልቅ ወደ ሌላው እየተመለሰ።

ከኋላ ሦስት ነበርን፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን፣
ጨው ጨው የሚል ጥቁር ከረሜላ ለሦስት ተካፍለን።
ከአንድ ጡት እንደ ጠቡ አንድ ዜማ ጠባን፤
እንዴት ታዲያ ሦስት ዓይነት ጆሮ ሆነን ወጣን?

ኢርሜሊ ዘፋኙን ከነመኖሩም ልብ አላለችው፤
ከወንበሯ ሥር የሚያጓራውን ነበር የሰማችው፣
የተሰነጠቀ ጭስ ማውጫ።
በአሥራ አምስት ዓመቷ ከበሮ ገዛች፣ በሁለት እግር የሚመታ፤
ጸጉራቸውን ካስረዘሙ አራት ልጆች ጋር፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ማታ ማታ
ሄቪ ሜታል ስትደበድብ የእናቴ ሳህን ከመደርደሪያ ይወርድ ነበር።
"ጩኸት ነው!" ስንላት፣ "ጩኸትማ ነው" ትላለች፤ "እዚህ አገር
ግማሽ ዓመት ጨለማ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚያድረው፤"
ዱላዋን በጥርሷ ይዛ፣ ጸጉሯን እያሰረች፣ "እኔ የእሱን ነው የማወጣው።"

ታርሞ ደግሞ አኮርዲዮኑ አፉን ሳይከፍት በፊት
የሚስባትን ትንፋሽ ሰማ፤ እሷው ናት ያስቀረችበት።
ዛሬ ሄልሲንኪ ትራም ይነዳል። እረፍት በሆነ ቀን
የኋላ ወንበር መርጦ ይቀመጣል፣ ቤተ ክርስቲያን።
አያምንም፣ አይጸልይም፤ ኦርጋኑ ግን አየር ሲሞላ
ካፖርቱን ሳያወልቅ ያለቅሳል፣ ከምሰሶው ኋላ።

እኔ?
እኔ የወደድኩት በዘፈንና በዘፈን መሐል ያለችውን፣
ክሩ ባዶውን ሲሄድ ሽ... የምትለውን።
አሁን የማዳምጠው አንድ ድምፅ ነው፣ ሃያ ደቂቃ የሚቆይ፣
ሳይወጣ ሳይወርድ። ሚስቴ ትጠይቀኛለች ማታ ላይ፦
"ይሄ ሙዚቃህ ነው ወይስ ማቀዝቀዣው?"
አንዳንዴ እኔም ተነስቼ ነው የማጣራው።

ምርጫ ምርጫ የምንለው ግማሹ አጥር መሆኑን
ያወቅሁት በሃያ ዓመቴ ነው፣ የዳንስ ምሽት አንዱን።
ሐይቅ ዳር ታንጎ ሲጀመር፣ "የሽማግሌ ነው" ብዬ ስቄ፣
ከጠረጴዛው ሥር ግን እግሬ ሲቆጥር ያዝኩት፣ ተሳቅቄ።

አባባ ሰማንያ ሞላው። ሠላሳ ዓመት የወረቀት ፋብሪካ
ከሁለት ጆሮው አንድ ተኩሉን በልቶ ሲረካ፣
የቀረችውን ግማሽ እናስደስት ብለን ተማከርን፤
በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሙዚቃ ተስማምተን
አኮርዲዮን ተጫዋች ቀጠርን፣ ያንኑ ታንጎ እንዲያወርደው።
አባባ የጆሮ መሣሪያውን አስተካከለ፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠው፤
እስከ መጨረሻው። ከዚያ እንዲህ አለን፦
"ይሄን ነገር ነፍሴ አትወደውም። ምነው አመጣችሁብን?"

"አባባ፣ አራት ዓመት!"
"ካሴቱ ከመኪናዋ ጋር ነው የመጣ። ምን ላድርግ? በቢላም ሞከርኩት።"

"ታዲያ አንተ ምን ነበር የምትወደው?" አለ ታርሞ።
መልስ ዘገየ። ሹካው ኬኩ ላይ ቆሞ።
"መጥረጊያዋን" አለ። "የመስታወቱን። በተለይ የግራውን፣
ጎማው ያለቀውን፤ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ሲወርድ የሚፍቀውን።"
ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፦ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ትንሽ ዘግየት፤
እንደገና። ተጫዋቹ ይቀጥል ወይ ይሂድ ግራ ገብቶት
ሳጥኑን ታቅፎ ቆሟል።
ኢርሜሊ ብቻ ማንኪያዋን አስቀምጣ ቀና አለች፤
በሁለት እግሯ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ድምፅ ሳታሰማ ተከተለች።