ስልሳ ስምንት

እኔ ዓይን አልሸጥም፣ ሌንስ ነው የምሸጠው፣
በሊየፓያ ወደብ፣ ነፋስ በሚንጠው፣
ከዓሣ ማጨሻው ቤት ጥግ ባለችው ሱቅ፤
ሥራዬም አንድ ነው፦ ርቀትን መጠየቅ።

«ዓይንዎ ከስክሪኑ ስንት ያህል ይርቃል?»
ስላቸው መልሱ ያው፦ «ቅርብ ነው፤ ይታወቃል።»
ቅርብ ስትል የቱ ነው? የመርፌ ዓይን ነው እንዴ?
ቅርብማ ሞትም ነው፣ ቅርብ ነው ዘመዴ።

ፍሬሙን ያነሣል፣ መስታወት ያያል፣
«ፊቴን ያከብደዋል? ያስረጀኛል?» ይላል፤
ስለ ሰማያዊው ብርሃን የሰማውን ሁሉ ይተርክልኛል፤
ስለ አንገቱ ግን ዝም።

ቬልጋ የገባችው ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው፣
ዣንጥላዋን ነፋስ ገልብጦባት።
የወደቡ የጭነት ሂሳብ ሠራተኛ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቷ፣
አገጯን ሽቅብ አቅንታ ታየኛለች።
ኩራት መስሎኝ ነበር።
ኋላ ነው የገባኝ፦ ባለ ሁለት ዕይታ መነጽሯ ነው፤
የታችኛዋን ቁራጭ ሌንስ ፍለጋ
አራት ዓመት ሙሉ፣ ኮምፒውተሯ ፊት፣
ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ ስታንጋጥጥ ኖራለች።

«ስንት ያህል ይርቃል?» አልኳት እንደ ልማዴ።
መልስ የለም። ከካፖርቷ ኪስ
ቀይ የሱፍ ክር መዘዘች፣
በሁለት ቦታ የተቋጠረ።
«ይኸኛው ቋጠሮ አፍንጫዬ ላይ፣
ይኸኛው ስክሪኑ ላይ።
ትናንት ለካሁት፣ ቢሮው ሁሉ እየሳቀብኝ።»

ማስመሪያው ላይ ዘረጋሁት፦ ስልሳ ስምንት።
በሠላሳ ዓመት ሥራ
ርቀቱን በኪሱ ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም።

ለንባብ የሚሆነው ለዚህ ይበዛል፣
ለመንገድ የሚሆነው ለዚህ ያንሳል፤
መካከሉን ፈለግን፣ አንዱን ሌንስ ሳወጣ ሌላውን ሳስገባ፣
የፊደሉን ሰሌዳ ክሩ ጫፍ ላይ አቁሜ፣
«ይሄ ወይስ ያ?» «ያ።» «አሁንስ?» «ያኛው፣ የቅድሙ።»
እስኪረግብ ትከሻዋ፣
እስኪወርድ አገጯ።
ፍሬሙ ቀላል፣ ቡናማ፣ አፍንጫ የማይቆነጥጥ።
መስታወቱን አንዴ አየችና «ይበቃል» አለች።

«መስኮቱ ይደበዝዝብሻል፣ መርከቦቹም፤
መንገድ ላይ እንዳታደርጊው» አልኳት።
«መርከቦቹን» አለች፣ «በቁጥር አውቃቸዋለሁ።»

በሳምንቱ የበሩ ደወል ሲጮህ፣ እሷው!
ልቤ ድንግጥ አለ፤
በሳምንቱ የሚመለስ ለምስጋና አይመጣም።
«ምነው? አንገትሽ ነው?»
«አንገቴንማ ረስቼዋለሁ።
ማታ ሳላወልቀው እራት ቀረብኩ፤
ጠረጴዛችን ለካ ልክ ክሩን ያህላል።
ኢማንትስ ከማዶ ድንች ይልጣል፣
ከግራ ጆሮው በላይ ፀጉሩ
ፍየል የጋጠው ማሳ መስሏል።
‹ማነው እንዲህ የቆረጠህ?› ብለው፣
‹እኔው ነኝ፤ ፀጉር ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ።›
ሦስት ዓመት!
መቀስ ትሸጣለህ?»

አልሸጥም።

ክሩ ግን እኔ ዘንድ ቀረ፣ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከብሎኖቹ ጋር።
ዛሬም አንዱ ገብቶ «ቅርብ ነው» ሲለኝ
አውጥቼ እሰጠዋለሁ፦
ሂድና ለካ። ክሩን ግን መልስ።